ሚዛን ስለማላዛባ ለተሰጠኝ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዐያንሌ ዋርሳሜ
የሹማምንት ምልመላና ማመጣጠኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅግጅጋ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም በመልካም ጤንነት እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የኩላሊትዎ ነገር ያሳስበኛል። ሐኪሙ ብዙ ውኃ እንዲጠጡ እንዳዘዘዎ በከተማችን ያልሰማ የለም፤ ፈጣሪ ጠጠሩን ያቅልልዎ፣ እስከዚያውም ድረስ በቢሮዎ ጥግ እስከ መስኮቱ የተደረደረው የታሸገ ውኃ አይጉደልብዎ። አሁን ጂላል ነው፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ አቧራው ከጉሮሮ የማይወርድበት የደረቁ ወራት። ከቀብሪበያ እስከ ሐርተሼክ ያለው ሕዝብ ሁሉ እንደ እርስዎ ውኃ በሐኪም ታዝዞለት ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር ሳስበው ይጨንቀኛል። ደግነቱ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እርስዎ በሰጡኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ ማለቴ እንኳ ውሸት ነው፤ ወንበሩ ይሽከረከራል፣ እኔም አንድ መስመር እጽፍና እነሣለሁ፣ መስኮት ጋ ሄጄ ግቢውን አያለሁ፣ ተመልሼ ስልኬን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። የምጠብቀው ጥሪ አለ። ምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይደርሱበታል፤ አሁን ለማለት የፈለግሁት፣ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢረግጥ በእርጅና ሳይሆን በጥበቃ መሆኑን እንዲረዱልኝ ነው።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ባለፈው ሰኞ ቢሮዎ አስጠርተው የጅግጅጋ፣ የቀብሪበያና የሐርተሼክ ከተሞች የጋራ ውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኜ መመረጤን ሲያበስሩኝ፣ ለሌላ ሰው የሚናገሩ መስሎኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም አልነበረም። እኔ አስካለማርያም ካሣዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ግስ አርብቻለሁ፤ ፓምፕ አስነሥቼ ግን አላውቅም። ስለ ውኃ ያለኝ ዕውቀት እንደ ማንኛዋም የጅግጅጋ ሴት ነው፤ ቧንቧው መጣሁ ብሎ ሲያንጎራጉር ከእንቅልፌ እነቃለሁ፣ በርሜሌን እሞላለሁ፣ የልብስ እጣቢውን ለሽንት ቤት አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ደረጄ ሹመቴን በማግሥቱ በሬዲዮ ሲሰማ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቱ በፊት፣ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ሲጠፋ የምከሰው ሰው ቤቴ ውስጥ አገኘሁ» ነው ያለኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረትም በአእምሮዬ ሽው አላለም አልልም። ለዚህ ሁሉ ክብር አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ፣ በልቤ የሚመላለሱትን ጥቂት ነጥቦች በተራ ቁጥር ላቅርብ። አቤቱታ በተራ ቁጥር እንደሚቀርብ እርስዎም ያውቃሉ፤ በአሥረኛ ክፍል ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ።

አንደኛ፤ ስለ ብቃት።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአገሪቱ ሚኒስትሮች እኩሌታው ሴቶች ሆነው ሲሾሙ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰብስበን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። እኔ አጨበጨብኩ። የፊዚክሱ መምህር ማቲዎስ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፣ ሻዩን እያማሰለ «ጥሩ ነው፤ ግን ብቃትስ?» አለ። ሌሎቹም ማንኪያቸውን አቁመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ስንቱ ሚኒስትር ሲሾምና ሲሻር አይቻለሁ። ወንዶች ሲሾሙ የሚጠየቀው «ከየት ነው? የማን ልጅ ነው?» የሚል ነበር፤ ብቃት የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ክፍል ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ለካ ብቃት ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ እንደሚኖር የእንግዳ ብርጭቆ ኖሯል፤ የሚወጣው ሴት ስትመጣ ነው። ወንዶቹ ያው በጣሳ ሲጠጡ ኖረዋል።

ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበሩትን ሰው ያስታውሱ። ደግ ነበሩ፤ ሠራተኛው ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ አይቀሩም። ከመንገድ ወደ ስፖርት፣ ከስፖርት ወደ ውኃ ተዛውረው ሲመጡ ግን ስለ ብቃታቸው ትንፍሽ ያለ አልነበረም። አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ የጉድጓዱ ውኃ ወደ ታች መሸሹ ሪፖርት ሲደረግላቸው «ማን ፈቅዶለት?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ያም ሆኖ በክብር ተሸኙ፤ አሁን በሌላ ወንበር ላይ ናቸው።

የማቲዎስን ጥያቄ ግን አልንቀውም። እንዲያውም ከሰኞ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው፤ አስካለማርያም፣ ብቃትስ? መልሱ «የለኝም» ነው። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ምክንያቱም ብቃቱ ያላት ሴት ከእኔ ወንበር በአንድ ግድግዳ ማዶ፣ በጥገና ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ወይዘሮ ዴቃን ያውቋታል። ሐርተሼክ ተወልዳ እዚህ ጅግጅጋ ያደገች ናት፤ የውኃ ምሕንድስና ተምራ፣ ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች ተነሥቶ ሐርተሼክ የሚደርሰውን መስመር የምትጠብቀው እሷ ናት። መስመሩ ሲፈነዳ ከሹፌሩ ቀድማ መኪና ላይ የምትወጣ፣ ቡት ጫማዋን በሰርግ ቀን ብቻ አወለቀች ተብሎ የሚቀለድባት ናት። ባለፈው ጂላል ውኃው ሲያንስ፣ ለሁሉም ሰፈር እኩል እንዲደርስ ብላ የሹማምንቱን ሰፈር መዝጊያ እንደ ሌላው ሰፈር በተራ ዘጋችው። ያን ጊዜ የእርስዎም በርሜል እንደ እኛ በርሜል ጥቂት ቀን ደርቆ ነበር። ይህ ነገር በኮሚቴው ውሳኔ ላይ ቅንጣት ታህል ተጽዕኖ እንዳላሳደረ አምናለሁ፤ ስለ ቅንነትዎም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሚዛን።

ኮሚቴዎ ሁለት ሚዛን እንዳለው ሰኞ ዕለት እርስዎ ራስዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። አንደኛው የሴትና የወንድ ሚዛን ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና ላስቲኩ ያልተገፈፈለት። ሁለተኛው የጎሳ ሚዛን ነው፤ የቆየና በእጅ የለመደ፣ የትኛው ወንበር ለማን ወገን እንደሚደርስ የሚለካበት። ሁለቱንም አልነቅፍም። ለረጅም ጊዜ ያልተቆጠረ ሰው መቆጠር ይፈልጋል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ችግሩ የመጣው ሁለቱ ሚዛኖች ዴቃ ላይ በተገናኙ ጊዜ ነው። የአባቷ ወገን ሽማግሌዎች ተጠርተው ተጠየቁ። «ልጃችን ናት፣ እንወዳታለን፤ ግን ተድራለች። ወንበሩ ከእሷ ጋር ወደ ባሏ ቤት ይሄዳል። በእኛ ድርሻ አትቁጠሯት» አሉ። የባሏ ወገን ሽማግሌዎች በተራቸው ተጠየቁ። «ሚስታችን ናት፣ እናከብራታለን፤ ደሟ ግን የአባቷ ነው። ነገ ከአባቷ ወገን ጋር ትቆማለች። በእኛ ድርሻ አትቁጠሯት» አሉ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ሁለቱም ወገን እኮ ቧንቧ ሲደርቅ የሚደውለው ለእሷ ነው። በጥማት ጊዜ የሁሉም ልጅ ናት። ሹመት ሲመጣ ግን ሁለት የተከበሩ ወገኖች አንዲት ሴት በሂሳባችን እንዳትያዝብን ብለው ወዲያና ወዲህ ሲገፏት ከረሙ፤ ወንድ ቢሆን አንድ ጊዜ ተመዝኖ ይቀመጥ ነበር። ብትፋታ ነገሩ ይቀላል የሚል ሐሳብ ከአንድ የኮሚቴ አባል ቀርቦ እንደነበርም አጫወቱኝ። ሐሳቡን ውድቅ ስላደረጉት፣ በእሷም በባሏም በሦስት ዓመት ልጃቸውም ስም አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የእኔ ስም የተነሣው። በወተት የፈላ ሻይ አስቀርበውልኝ፣ እንደ ተማሪነትዎ ዘመን ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «መምህርት፣ ወላሂ፣ እርስዎ መፍትሔ ነዎት። ሴት ነዎት፤ ደግሞ በማንም ድርሻ አይቆጠሩም። ሚዛን አያዛቡም።» ፊትዎ ላይ የነበረው ደስታ እውነተኛ ነበር። ከባድ ጥያቄ ሲሠሩና መልሱ ሲመጣልዎ እንዲያ ይደሰቱ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች። እኛ ግን ሠልጥነናል፤ የዴቃ ዕውቀት በእኔ፣ በሴቷ፣ እንዲያልቅ ተደረገ። ከእንግዲህ ሴት ለምን ተዘለለች የሚል ካለ፣ ይቺውና ሴት ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ላንሣና ልለፍ። «ሴትን ማስተማር ኅብረተሰብን ማስተማር ነው» በሚል ርእስ የጻፉትን ድርሰት ዛሬም አልረሳሁትም። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ የሰጠሁዎ በዚያ ክፍል እርስዎ ብቻ ነበሩ። አንዷን ማርክ የቀነስኩት የመደምደሚያ አንቀጽ ስላልነበረው ነው። እስካሁን አልጻፉትም።

ሦስተኛ።

ይህን ነጥብ ጀምሬው ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ከመስኮቱ ላይ ሆኜ ካራማራን አየሁ፤ አቧራ ውጦት ግማሹ የለም። ስልኩ ዝም ብሏል። ልቀመጥና ልጻፈው።

አያቴ ከመሃል አገር ወታደር ሆነው ነው ወደዚህ ከተማ የመጡት። አባቴ እዚህ ተወለደ፣ እኔ እዚህ ተወለድኩ፣ ልጄ ሔርሜላም እዚሁ ተወለደች። ገበያ ስወጣ ሶማልኛዬን ሲሰሙ ነጋዴዎቹ ደስ ይላቸውና «አንቺ የማን ነሽ?» ይሉኛል። «የጅግጅጋ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ከተማ የዘር ሐረግ አይደለማ። መሃል አገር ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ደግሞ «ከሶማሌ የመጣችው» እባላለሁ። ይህን ለምጄዋለሁ። ሰው ከሚያመው ጉልበቱ ጋር እንደሚኖር አለመቆጠርን ይዤ ኖሬያለሁ፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ይሰማኛል።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ታውካ መጤ የተባለ ሰው ቤት በሚፈለግበት ጊዜ ግን አንድ ቀን ተቆጠርኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሻሚስ፣ የዴቃ እናት፣ እኔንና ደረጄን ሔርሜላንም ጎትተው ጓዳቸው አስገቡንና ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። የመጡት ልጆች «ውስጥ ማን አለ?» አሉ። ሻሚስም «ማንም የለም። ያለው የእኔ ቤተሰብ ብቻ ነው» አሏቸው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሴትየዋ ተረከዝ ይታየኛል፤ አልተንቀሳቀሰም። ዴቃ ያኔ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት፤ እጄን ጨብጣ «ኤዶ፣ አትፍሪ፣ ኤዶ» ትለኛለች። ኤዶ በሶማልኛ የአባት እኅት ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም። በዚያች ጓዳ ውስጥ ማንም አትቆጠርም ያላለኝ ቤት አገኘሁ፤ እነሆ ዴቃ እስከ ዛሬ ኤዶ ትለኛለች።

ሰኞ ዕለት ማንም አለመሆኔን በወተት ሻይ ሲያቀርቡልኝ ተዋረድኩ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ይህን ያለ ምፀት ነው የምጽፈው። ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ፣ ያ ባዶነቴ እጄን በጨበጠችው ልጅ ላይ መክደኛ እንዲሆን መመረጡ ነው። ሹመቱ በሬዲዮ የተነገረ ዕለት ሻሚስ ደጄ ድረስ አምባሻ ይዘው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሉኝ መጡ። መሬቱን አየሁ። እሳቸው ግን አንዳች ቅሬታ አልነበራቸውም፤ «ከሌላ ሰው እጅ አንቺ እጅ መግባቱ ይሻላል» አሉና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሩኝ ጀመር።

አራተኛ፤ ስለ ውኃ።

ውኃ በመጨረሻ መምጣቱ ቅር እንዳይልዎ። ኮሚቴው ስለዚህ ወንበር ያደረገውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዳነበው ሰጥተውኝ ነበር፤ በዚያም ላይ ውኃ ያለው መጨረሻ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ተራ ሥር ነው። ቅደም ተከተሉን አላፋለስኩም።

ወደ ሐርተሼክ የሚገፋው ፓምፕ ከተቃጠለ ቆይቷል። አዲሱ ፓምፕ በዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከዚህ መስኮት ሥር፣ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ከንብረት ክፍል እንዲወጣ የኃላፊ ፊርማና ማህተም ያስፈልገዋል፤ ኃላፊ እንዲኖር ደግሞ ሚዛኑ መሙላት ነበረበት። እናም ፓምፑ ሚዛኑን ሲጠብቅ፣ ሐርተሼክ ፓምፑን ሲጠብቅ ወራት አለፉ። ዴቃ ስትጠይቅ «አዲስ ኃላፊ እስኪሾም» ተባለች። ያ አዲስ ኃላፊ እሷ ራሷ ልትሆን ትችል እንደነበር እያወቀች ወደ ጥገናዋ ተመለሰች።

ረቡዕ ዕለት ማህተሙን እንደተረከብኩ፣ ከእሷ ጋር ሐርተሼክ ሄድን። የሕዝብ ቧንቧዎቹ አፍ ውስጥ ሸረሪት አድርቶባቸዋል። ሰዉ ውኃ የሚገዛው ከቢርካ ነው፤ ክረምት የተጠራቀመ የሲሚንቶ ጉድጓድ ውኃ፣ ከአረንጓዴነቱ የተነሣ በጄሪካኑ ፕላስቲክ በኩል ይታያል። ዋጋውን ባለ ቢርካዎቹ ጠዋት የሚነሡበት ስሜት ይወስነዋል። ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቶች በተቅማጥ የዛሉ ልጆቻቸውን ጭን ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። እኔ ሴቶችን ስለማበረታታት የተዘጋጀ ንግግር ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። አላወጣሁትም።

አንዲት አሮጊት ባዶ ጄሪካናቸውን ገልብጠው ተቀምጠውበት ነበር። «አዲሷ ኃላፊ መጥታለች ይላሉ፤ የትኛዋ ናት?» አሉ። ዴቃ ወደ እኔ አመለከተች። ሴትየዋ ጫማዬን አዩ፤ ለሹመቱ የገዛሁት ነው። ቀጥለው የዴቃን ቡት አዩ።

«እሷ ውኃ ታመጣለች?» አሉ።

ዴቃ፣ ለእኔ ክብር ተጨንቃ ይመስለኛል፣ «እሷ ትፈርማለች፣ እማማ» አለቻቸው።

«ታዲያ ትፈርም! ምን ትጠብቃለች?»

ደብዳቤ ውስጥ የሰው ንግግር ማስገባት እንደማይገባ ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ይህን ግን በራሴ ቃል ባስቀምጠው ይበላሽብኛል ብዬ ነው፤ ይቅርታዎን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዴቃ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሐርጌሳ ያለ አንድ ድርጅት ሥራ ሰጥቷታል፤ እስከ እሑድ መልስ ይፈልጋሉ። ሄዳ ታየው ይሆናል። «ኤዶ፣ አንቺ ስለሆንሽ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን አለቅስ ነበር» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ቀብሪበያ እስክንደርስ ውጭ ውጭውን አየች። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ደረጄም ሲገላበጥ ሰምቼዋለሁ። ይህ መስመር ያለ ዴቃ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

የአሮጊቷን ምክር ተቀብዬ ሐሙስ ጠዋት ፈረምኩ። ዝርዝሩን ለእርስዎ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው።

ፓምፑ ከንብረት ክፍል ወጥቶ እንዲተከል ፈረምኩ። ወደ ትምህርት ቤቴ እንድመለስ ከኃላፊነቴ የምለቅበትን ማመልከቻ ፈረምኩ፤ የተማሪዎቼ ፈተና እየደረሰ ነው። ከዚህ በፊት ግን፣ ሥልጣኑ በእጄ ሳለ፣ ወይዘሮ ዴቃ ማህተሙን ጨምሮ በሙሉ ሥልጣን ጽሕፈት ቤቱን በውክልና እንድትመራ ፈረምኩ። መመሪያዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አማርኛው በአንዳንድ ቦታ ይጎረብጣል እንጂ ግልጽ ነው። ኃላፊ ሲለቅ የሚወክለውን ሰው ራሱ ይመርጣል፤ ውክልናውም አዲስ ኃላፊ እስኪሾም ድረስ ይጸናል ይላል።

የተወካይን ጥቅም ደግሞ ልንገርዎ፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ ከእርስዎ የተማርኩት ጥበብ ነው። ውክልና ሹመት አይደለም። ስለዚህ በአባቷም ድርሻ አይያዝም፣ በባሏም ድርሻ አይያዝም። የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄጄ አማከርኳቸው፤ የአባቷ ወገን «እንዲያ ከሆነማ ልጃችን ናት፣ ትሥራ» አሉ፤ የባሏም ወገን «እንዲያ ከሆነማ ሚስታችን ናት፣ ትሥራ» አሉ። ሁለቱም ቤት ሻይ ጠጣሁ። ወራት የፈጀብዎ ጉዳይ በሁለት ብርጭቆ አለቀ። አዲስ ኃላፊ ለመሾም ኮሚቴው ሚዛኑን እንደገና መሙላት ይኖርበታል፤ ለሚዛን ያላችሁን ትዕግሥት በዓይኔ ስላየሁ፣ ዴቃ በዚህ ወንበር ላይ ልጇን ድራ የልጅ ልጅ እንደምታይ ተስፋ አደርጋለሁ።

ውክልናውን ስሰጣት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ማህተሙን አገላብጣ አይታ፣ እንደ ማንኛውም ብሎን ቡትዋ ውስጥ ልትከተው ነበር፤ ተይ አልኳት። ስለ ሐርጌሳ ግን አልጠየቅኳትም። መልሱን ፈራሁ። ፓምፑን አስጭና ሄደች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ጀረር ናት። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እኔም ይህን ሁሉ ገጽ የሞላሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ እስኪጮኽ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው። ፓምፑ ካልተነሣ፣ ያለ ዕውቀቷ የፈረመች መምህርት ብለው በሬዲዮ ያሳውጁኝ፤ ይገባኛል።

ጮኸ።

ይቅርታ፤ እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ነበር። ዴቃ ናት። የምትለው አልተሰማኝም፤ ከበስተኋላዋ የሆነ ነገር ይጮኻል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ አንድ ሰው «ያዘው፣ ያዘው!» ይላል። «ዴቃ፣ ምን ሆነ?» እላለሁ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠጋችው። ቆሜ ሰማሁ። «ሰማሽ፣ ኤዶ?» አለችኝ። ሰማሁ አልኳት። ሐርተሼክ ለመድረስ እስከ ማታ ይፈጅበታል፤ መስመሩን እየተከተለች ልትሄድ ነው፣ የሚያፈስ አይጠፋም። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው የሐርጌሳውን የጠየቅኳት። «ጠዋት ደውለው ነበር፤ ፓምፕ ላይ ነኝ፣ አልመጣም ብዬ ዘጋሁባቸው» አለችና በእኔም ላይ ዘጋችው።

እንባዬ ወረቀቱ ላይ ስለወረደ ከላይ አንዳንድ ፊደል ቢደበዝዝብዎ፣ ውኃ ነው።

ለሰጡኝ ወንበርና ለአምስት ቀን ለተሽከረከርኩበት ክብር፣ ማንም አለመሆኔ ለምን እንደሚጠቅም ስላስተማሩኝ፣ ተማሪ መምህሩን ማስተማር እንደሚችል ስላሳዩኝም ምስጋናዬ ከካራማራ የላቀ ነው። ኩላሊትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ፤ ቤትዎ የሰላም፣ ሚዛንዎ የቀና፣ በርሜልዎም በተራው ቀን የሞላ ይሁን።

በፍጹም ትሕትናና በማይነጥፍ አክብሮት፣

አስካለማርያም ካሣዬ
የቀድሞ የውኃ ኃላፊ፣ የሁልጊዜ መምህርትዎ፣
የወይዘሮ ሻሚስ ቤተሰብ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች እኩሌታው ሴቶች ናቸው ብለው ወደ አዲስ አበባ ስለላኩት ሪፖርት አይጨነቁ። አንዲት ሴት ወጥታ ሌላ ሴት ስለተተካች ቁጥሩ ያው ነው፤ አንድ ፊደል እንኳ መፋቅ አያስፈልግዎም። ሥራው መሠራቱን ሪፖርቱ ውስጥ የት እንደሚያስገቡት ከቸገረዎ ግን፣ «ልዩ ልዩ» የሚል ተራ አለዎት።